የቀመር ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ክፍት ምንጭ መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቀመርን ምስል ወደ ጽሑፍ መቀየር ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በስካን በተነሣ የመጽሐፍ ገጽ ወይም በስክሪንሾት ላይ ያለ የሒሳብ ቀመር ለኮምፒውተር የቀለም ነጥቦች ስብስብ ብቻ ነው፤ ሊፈለግ፣ ሊታረም፣ ተቀድቶ ወደ ሌላ ሰነድ ሊገባ ወይም በድምፅ ሊነበብ አይችልም። እዚህ የምንነጋገርባቸው ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያዎች ምስሉን ተቀብለው ያንኑ ቀመር የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣሉ። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በላቴክ አጻጻፍ ነው። ላቴክ ዶናልድ ክኑዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራውን በጀመረው ቴክ በተባለው የኅትመት ሥርዓት ላይ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ የገነባው ሲሆን፣ ክፍልፋዩንም ሆነ አርቢውን፣ ስኩዌር ሩቱንም ሆነ ማትሪክሱን በቁልፍ ሰሌዳ በሚጻፉ ትእዛዞች ይገልጻል። ለምሳሌ ክፍልፋይ ለመጻፍ መጀመሪያ የክፍልፋይ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ላዕሉ በአንድ ጥንድ ጥምዝ ቅንፍ፣ ታህቱም በሌላ ጥንድ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። በላቴክ የተጻፈ ቀመር ወደ ሌሎች ቅርጾች በቀላሉ ስለሚቀየር የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች እርሱን መምረጣቸው ተገቢ ነው።

ለተራ ጽሑፍ የምጠቀምበት ኦሲአር ለምን አይበቃም?

ተራ ኦሲአር (የጽሑፍን ምስል አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም) የተሠራው ጽሑፍ በመስመር ላይ ተራ በተራ ይደረደራል በሚል መነሻ ነው። በቀመር ውስጥ ግን ምልክቱ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ትርጉም አለው። ከኤክስ በስተቀኝ ከፍ ብላ የተጻፈች ትንሽ 2 አርቢ ናት፤ ዝቅ ብላ ብትጻፍ አንዱን ኤክስ ከሌላው የምትለይ መለያ ቁጥር ትሆናለች፤ ከኤክስ በስተግራ በእኩል መስመር ላይ ብትቀመጥ ደግሞ አባዢ ነች። ክፍልፋይ በክፍልፋይ ውስጥ ይገባል፣ የስኩዌር ሩቱ ጣሪያ እስከ የትኛው ምልክት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ኢንቲግራሉ ከላይና ከታች ወሰን ይይዛል።

ቴሰራክት የተባለው ታዋቂ መሣሪያ በሂዩሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ተሠርቶ በ2005 ክፍት ምንጭ የሆነ፣ አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች የተጻፈ ጽሑፍን የሚያነብ ነው። ለዚያ ሥራ ሲያገለግል ይመሰገናል። ቀመር ሲሰጡት ግን ያወቃቸውን ምልክቶች በአንድ መስመር ላይ ይደረድራቸዋል፤ በመካከላቸው የነበረው የላይና የታች፣ የውስጥና የውጭ ግንኙነት ይጠፋል። የጠፋውን ግንኙነት ከተደረደረው ጽሑፍ ብቻ መልሶ ማግኘት ስለማይቻል፣ ቀመር የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

እነዚህ መሣሪያዎች ቀመሩን የሚያነቡት እንዴት ነው?

ቀደም ባሉት ዘመናት የተለመደው አካሄድ ምስሉን ወደ ነጠላ ምልክቶች መቆራረጥ፣ እያንዳንዱን ምልክት ለይቶ ማወቅ፣ በመጨረሻም በደንቦች አማካይነት ማን ከማን በላይ ወይም በታች እንደሆነ መወሰን ነበር። የአንዱ ደረጃ ስህተት ወደ ቀጣዩ ስለሚተላለፍ፣ ሁለት ምልክቶች ተነካክተው ከታተሙ መላው ቀመር ይበላሽ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሥራ ሌላ መንገድ አሳየ፤ ምስሉን ሳይቆራርጡ ለአንድ የነርቭ መረብ ሞዴል (ከብዙ ምሳሌዎች ለሚማር ፕሮግራም) ሰጥቶ የላቴኩን ጽሑፍ በቀጥታ እንዲጽፍ ማሠልጠን። ከዚያው ሥራ ጋር ከሳይንሳዊ ጽሑፎች የተሰበሰቡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቀመሮችን የያዘ የሥልጠና ስብስብ ወጣ፤ ይህ ስብስብ ለብዙ ተከታይ ሥራዎች መነሻ ሆኗል። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው። በውስጣቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያው ምስሉን አይቶ ወደ ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው እነዚያን ቁጥሮችና እስካሁን የጻፈውን እያየ ቀጣዩን ትእዛዝ ወይም ምልክት አንድ በአንድ ይጽፋል።

ከዚህ አሠራር የሚመነጩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ሌሎች መልሶች ሁሉ የሚደገፉትም በእነርሱ ላይ ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም በላቴክ የተጻፈ ቀመር በራሱ ወደ ምስል ሊቀየር ስለሚችል፣ ምስልና ጽሑፍ የተጣመሩበት የሥልጠና ዳታ በብዛትና ያለ ሰው ድካም ይገኛል። መሣሪያዎቹ የታተመ ቀመር በማንበብ የበረቱት፣ በእጅ ጽሕፈት የደከሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ክፍል ከምስሉ በተጨማሪ የቀመር ልማድም ተምሯል፤ ይህ ምልክት ከዚያኛው በኋላ ብዙ ጊዜ ይመጣል የሚል ግምት አለው። ደብዛዛ ምስል ሲገጥመው ግምቱ ይረዳዋል። ያልተለመደ ቀመር ሲገጥመው ግን ያው ግምት ከሚታየው ይልቅ የተለመደውን እንዲጽፍ ይገፋዋል።

የትኞቹን መሣሪያዎች ላውቅ ይገባኛል?

ለነጠላ ቀመር ብዙ ሰው የሚጀምረው ላቴክ ኦሲአር ወይም ፒክስ ቱ ቴክ በሚባለው ነው። በፓይተን ፓኬጅነት ይጫናል፤ ከተርሚናል ወይም በራሱ ትንሽ መስኮት ይሠራል። በመስኮቱ በኩል ከስክሪን ላይ ቀመሩን ሲቆርጡለት፣ ያነበበውን መልሶ በቀመር መልክ ያሳያል፣ ጽሑፉንም ለመለጠፍ ዝግጁ አድርጎ ይቀዳል። ትንሽና ቀላል መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ዩኒመርኔት እ.ኤ.አ. በ2024 ከሻንጋይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ጋር በተያያዘው ኦፕንዳታላብ የወጣ ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ናሙናዎች ባሉት ስብስብ የሠለጠነ ነው። ሠሪዎቹ ቀላል የታተመ ቀመርን፣ ረጅምና ውስብስብ የታተመ ቀመርን፣ ከስክሪን የተነሣን ቀመርና የእጅ ጽሕፈትን ለየብቻ ፈትነውታል። የምስል ጥራት ለሚለዋወጥበት ሥራ ከነጠላ ቀመር አንባቢዎች መካከል እኔ ቀድሜ የምሞክረው እርሱን ነው። ቴክቴለርም በዚሁ መደብ የሚቆጠር ሲሆን፣ እጅግ ሰፊ በሆነ የቀመር ስብስብ በመሠልጠኑ ይታወቃል።

ቀመርና ተራ ጽሑፍ በአንድነት ላሉበት ገጽ ሌሎች አሉ። ፒክስ ቱ ቴክስት በገጹ ላይ ቀመሮቹ የት እንዳሉ ፈልጎ፣ ጽሑፉን በጽሑፍ አንባቢ፣ ቀመሩን በቀመር አንባቢ ያስነብብና ውጤቱን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚዋቀር የጽሑፍ ቅርጽ) ያጣምረዋል። የባይዱው ፓድል ኦሲአርም የራሱ የቀመር ሞዴሎች አሉት። ማይነርዩ የተባለው ደግሞ ሙሉ የፒዲኤፍ ሰነድን ወደ ማርክዳውን ለመቀየር የተሠራ ነው። ኑጋት በሜታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን፣ ከእነዚህ የሚለየው ገጹን ሳይከፋፍል ከላይ እስከ ታች በአንድ ሞዴል በማንበቡ ነው፤ የሠለጠነውም በሳይንሳዊ ጽሑፎች ላይ ነው።

ቴክሲፋይ የሚባለውም በብዙ መመሪያዎች ላይ ይጠቀሳል። ሠሪው ይህን ሥራ በኋላ ሱርያ በተባለው ሰፋ ባለ መሣሪያው ውስጥ ስላካተተው፣ አዲስ የሚጀምር ሰው በቀጥታ ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል።

ለእኔ ሥራ የትኛው ይስማማል?

ጥያቄውን ከመሣሪያው ስም ሳይሆን በእጅዎ ካለው ሰነድ ይጀምሩት። አልፎ አልፎ አንድ አንድ ቀመር ከስክሪን ላይ የሚያነሡ ከሆነ ላቴክ ኦሲአር ይበቃል። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ያሉትን መጽሐፍ ለመቀየር ከሆነ ግን ቀመሮችን በእጅ መቁረጥ የማይታሰብ ስለሆነ ገጽ አንባቢ ያስፈልጋል። በገጽ አንባቢዎች መካከል ለመምረጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ሰነድ የሚለው ጥያቄ ብዙ ይወስናል፤ ኑጋት በለመደው ዓይነት ሰነድ ላይ እጅግ ጥሩ ነው፣ ከለመደው ሲወጣ ግን በፍጥነት ይደክማል።

አንድ ምክር በጥብቅ እሰጣለሁ። ከሰነድዎ ውስጥ ቀላሉንም ከባዱንም የሚወክሉ ጥቂት ቀመሮችን መርጠው፣ ትክክለኛውን ላቴክ በእጅዎ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት መሣሪያዎችን በእነዚያ ላይ ይፈትኑ። የራስዎ ሰነድ ፈተና ከማንም የውጤት ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ምስል መቀየር ከመጀመሬ በፊት ማጣራት ያለብኝ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘለው ያለ ምክንያት ይደክማል። ቀመሩ መጀመሪያውኑ በላቴክ የተጻፈ ከሆነ ምንጩን ማግኘት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይፈልጉ። አርካይቭ በተባለው የሳይንሳዊ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ የሚገኙ አብዛኞቹ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ከፒዲኤፉ ጎን የላቴክ ምንጫቸው ይወርዳል። በውክፔዲያ ገጽ ላይ ያሉ ቀመሮችም ላቴካቸው በገጹ ምንጭ ውስጥ አለ። ከምንጩ የተገኘ ቀመር በማንበብ ጊዜ የሚፈጠር ስህተት አይኖርበትም፤ ምንጩ እያለ ምስሉን ማስነበብ ስህተትን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ጠንካራ ኮምፒውተር ወይም ጂፒዩ ያስፈልገኛል?

ለነጠላ ቀመር አያስፈልግም፤ ትንንሾቹ ሞዴሎች በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ለብዙ ገጾች ግን ጂፒዩ (ብዙ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ የሚሠራ የግራፊክስ ቺፕ) መኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ትልቁ የኑጋት ሞዴል 350 ሚሊዮን፣ ትንሹም 250 ሚሊዮን ፓራሜትሮች (በሥልጠና የተማራቸው ቁጥሮች) አሉት፤ እያንዳንዱን ምልክት ተራ በተራ ስለሚጽፍ ጽሑፍ የሞላበትን ገጽ ያለ ጂፒዩ ማስነበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞዴሉ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ያን ጊዜ ግንኙነት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ጥሩ ውጤት ለማግኘት ምስሉን እንዴት ላዘጋጅ?

ከሁሉ በፊት አቆራረጡ ነው። ለነጠላ ቀመር በተሠራ ሞዴል ላይ ከቀመሩ በላይ ያለው የጽሑፍ መስመር ጫፍ ወይም በስተቀኝ ያለው የቀመር ቁጥር አብሮ ከገባ፣ ሞዴሉ እርሱንም የቀመሩ አካል አድርጎ ሊጽፈው ይሞክራል። አጥብቆ መቁረጥም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ የአርቢው ጫፍ ወይም የኮፍያ ምልክቱ ከተቆረጠ የሚመልሰው የለም። በአራቱም ጎን ጥቂት ነጭ ቦታ ይተዉ።

ቀጥሎ የምስሉ መጠን ነው። ትልቅ ምስል ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሞዴሉ በሥልጠናው ወቅት ካያቸው መጠኖች በጣም የራቀ ምስል፣ እጅግ ትንሽም ሆነ እጅግ ትልቅ፣ ያሳስተዋል። ላቴክ ኦሲአር ለዚሁ ሲባል ተስማሚውን መጠን የሚገምት ተጨማሪ ክፍል አለው። ኑጋት ደግሞ ገጹን ሁሉ ወደ አንድ የተወሰነ መጠን ያወርደዋል። እንግዲህ ከወረቀት ሲያነሡ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጎ ማስቀመጥ፣ ውጤቱ ካላማረ ደግሞ ምስሉን በግማሽ አሳንሶ እንደገና መሞከር ጥሩ ልማድ ነው።

በስልክ ካሜራ ለሚነሣ ምስል ገጹ እንዳይጣመም ከፊት ለፊት ያንሡ፣ የእጅዎ ጥላ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ። የመጽሐፉ ወገብ አካባቢ የሚታየው ጉብታ አርቢንና መለያ ቁጥርን የሚያቀያይር በመሆኑ ገጹን በደንብ መዘርጋት ያስፈልጋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ የተጻፈ ከሆነ ቀለሙን ገልብጠው ጥቁሩን ጽሑፍ በነጭ ላይ ያድርጉት።

የእጅ ጽሕፈትንስ ያነባሉ?

ያነባሉ፤ ዋስትናው ግን ከታተመው ያነሰ ነው። የእጅ ጽሕፈት ንባብ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ብዕሩ በስክሪን ላይ ሲንቀሳቀስ እያንዳንዱ ጭረት ከነቅደም ተከተሉ የሚመዘገብበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚካሄደው ክሮሜ የተባለው ውድድር በዋናነት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው የተጻፈው ወረቀት ፎቶ ብቻ ያለበት ሲሆን፣ የጭረቱ ቅደም ተከተል ስለሚጠፋ ይከብዳል። ለዚህ ጥያቄ የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

እውነተኛ የእጅ ጽሕፈትን እንደታተመው ቀመር በማሽን በቀላሉ ማምረት ስለማይቻል ሰዎች ተቀምጠው መጻፍ ነበረባቸው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ማትራይቲንግ የተባለው ስብስብ በሰው እጅ የተጻፉ ወደ 230,000 የሚሆኑ ቀመሮችን ይዟል። ዩኒመርኔትና ቴክቴለር የእጅ ጽሕፈትን ከሥራቸው ክልል ውስጥ ያስገቡ ናቸው። ንጹሕና የተራራቀ ጽሕፈትን በደንብ ያነባሉ፤ የተሰረዘና በላዩ የተጻፈበት፣ ከመስመር መስመር የሚወርድ ረጅም ስሌት ሲገጥማቸው ግን ይስታሉ። እንዲህ ያለውን ስሌት አንድ አንድ መስመር እየቆረጡ መስጠት ውጤቱን በእጅጉ ያሻሽለዋል።

የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? ስህተቱንስ እንዴት አገኘዋለሁ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ሊተኮርበት ይገባል። ተራ ኦሲአር ሲሳሳት የተበላሸ ቃል ስለሚያወጣ ስህተቱ ዓይን ይገባል። የቀመር ሞዴል ሲሳሳት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው በሚገባ የተጻፈ፣ ያለ ችግር የሚታተም፣ እውነት የሚመስል ሌላ ቀመር ነው። ላቴኩ ያለ ስህተት መሥራቱ ቀመሩ ትክክል ለመሆኑ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

በመልክ የሚመሳሰሉ ምልክቶች የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ትንሹ ኤል ከ1 ጋር፣ ኦ ከዜሮ ጋር፣ የግሪኩ ኑ ከቪ ጋር፣ ኦሜጋ ከደብልዩ ጋር፣ ሮ ከፒ ጋር፣ ኤክስ ከካይና ከማባዣ ምልክት ጋር። ከአርቢ ቦታ የተቀመጠ የፕራይም ምልክት 1 ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ ይህም ዲሪቫቲቭን ወደ ተራ አርቢ ይለውጣል። የመቀነስ ምልክት በደከመ ኅትመት ላይ ይጠፋል። ቬክተር መሆኑን የሚያሳየው ደማቅ ፊደል ተራ ፊደል ሆኖ ይወጣል። በትልቅ ማትሪክስ ውስጥ ረድፍ ይዘለላል ወይም ይደገማል።

ሌላው የታወቀ ችግር ድግግሞሽ ነው። ጸሐፊው ክፍል አንድ ሐረግ ላይ ተጣብቆ ያንኑ እስከ መጨረሻው ይጽፋል። የኑጋት ሠሪዎች በራሳቸው የሙከራ ስብስብ ውስጥ በ1.5 በመቶ ገጾች ላይ ይህን እንዳዩና ከለመደው መስክ ውጭ በሆኑ ሰነዶች ላይ እንደሚብስ ራሳቸው ገልጸዋል። ይህ ዓይነቱ ስህተት ግን ስለሚታይ ብዙም አያሰጋም።

ለማጣራት የሚከተለውን አካሄድ እመክራለሁ። የወጣውን ላቴክ መልሰው ወደ ቀመር ምስል ይቀይሩትና ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሙሉውን በአንድ እይታ አይመዝኑ፤ ዓይን የሚጠብቀውን ስለሚያነብ ያልፈዋል። በመጀመሪያ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችን ብቻ፣ ቀጥሎ አርቢዎችን ብቻ፣ ከዚያ መለያ ቁጥሮችን ብቻ ይከታተሉ። መሣሪያው እንደ ላቴክ ኦሲአር እንደገና የመሞከር አማራጭ ካለው ደጋግመው ያስነብቡት፤ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ላይ መልሱ ሊለዋወጥ ስለሚችል የሚለዋወጠው ምልክት ትኩረት የሚሻው ነው። አንድን ቀመር በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አስነብቦ ልዩነቱን ማየትም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ሊሠሩ ስለሚችሉ ግን መስማማታቸው ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

በስተመጨረሻ ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። ቁጥር ተክቶ መልሱ አስቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ጋር ይገጥም እንደሆነ ማየት፣ በፊዚክስ ቀመር ላይ የሁለቱን ወገን መለኪያዎች ማመሳከር፣ ከቀመሩ በፊትና በኋላ ካለው ስሌት ጋር መያያዙን መከታተል ምስሉን በማነጻጸር ያመለጠውን ስህተት ያወጣል። ቀመሩ ለመድኃኒት መጠን፣ ለግንባታ ስሌት ወይም ለፈተና ወረቀት የሚውል ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ፈጽሞ አይገባም።

ሠሪዎቹ የሚያወጡትን የትክክለኛነት ቁጥር ልመን?

ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ካወቁ ይጠቅማል። አንድ ቀመር በላቴክ በብዙ መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ቅንፍ ቢጨመር፣ የትእዛዙ ስም በአቻው ቢተካ የሚታየው ቀመር አይለወጥም። ብሉ የተባለው ከትርጉም ሥራ የመጣ መለኪያና የፊደል ልዩነትን የሚቆጥረው መለኪያ ግን የሚያወዳድሩት ጽሑፉን ስለሆነ፣ ትክክለኛውን ቀመር በሌላ አጻጻፍ ያወጣን ሞዴል ይቀጣሉ፣ አንዲት የመቀነስ ምልክት ብቻ የሳተውን ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጡታል። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዲኤም የተባለ መለኪያ ቀርቧል፤ ሁለቱንም ወደ ምስል ቀይሮ ምልክቶቹን ከነቦታቸው ያመሳክራል። ለተጠቃሚ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምንም እርማት ሳያስፈልጋቸው ያለፉ ቀመሮች ድርሻ ነው፤ ሰንጠረዡ ይህን ካሳየ እርሱን ይመልከቱ።

በአማርኛ ጽሑፍ መካከል ያሉ ቀመሮችን ማስነበብ ይቻላል?

ቀመሮቹን ይቻላል፤ ገጹን በአንድ ጊዜ ማስነበብ ግን አስቸጋሪ ነው። ኑጋትን የመሰሉ ገጽ አንባቢዎች በዋናነት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ ስለሆነ፣ የግዕዝ ፊደል ሲያዩ ትርጉም የሌለው ነገር ሊጽፉ ይችላሉ። የሚሻለው ሥራውን መክፈል ነው፤ በቀመር ፈላጊ ክፍል አማካይነት ቀመሮቹ የት እንዳሉ መለየት፣ እነርሱን ለቀመር አንባቢ መስጠት፣ የቀረውን ጽሑፍ በቴሰራክት የአማርኛ ሞዴል ማስነበብ፣ ከዚያ ሁለቱን በቦታቸው ማጣመር። በፓይተን ጥቂት መስመሮች መጻፍ ለሚችል ሰው የሚከብድ አይደለም። ውጤቱን በላቴክ ለማተም ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ የተባሉት የላቴክ ዓይነቶች ከአንድ የግዕዝ ፎንት ጋር ይበቃሉ።

ያገኘሁትን ላቴክ ወደ ዎርድ ወይም ወደ ድረ ገጽ እንዴት አስገባለሁ?

በቅርብ ዓመታት የወጡ የማይክሮሶፍት ዎርድ እትሞች በቀመር ሳጥናቸው ውስጥ የላቴክን አጻጻፍ ይቀበላሉ። ሰነዱ ረጅም ከሆነ ፓንዶክ የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ማርክዳውኑን ወይም ላቴኩን ወደ ዎርድ ፋይል ሲቀይር ቀመሮቹን በዎርድ ውስጥ ሊታረሙ በሚችሉ ቀመሮች ይተካቸዋል። ለድረ ገጽ ላቴክን በብራውዘር ውስጥ በቀመር መልክ የሚያሳዩትን ማትጃክስ ወይም ኬቴክ ይጠቀሙ። ኬቴክ ሁሉንም የላቴክ ትእዛዝ ስለማይደግፍ፣ ሞዴሉ ያልተለመደ ትእዛዝ ከጻፈ ቀመሩ በቀይ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትእዛዙን በተለመደው አቻው መተካት ነው።

ለማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ምን ይጠቅማል?

የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ፋይዳ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ምስል ሆኖ የቀረበ ቀመር ስክሪን አንባቢ (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ለሚጠቀም ተማሪ ባዶ ቦታ ነው። ቀመሩ ወደ ላቴክ፣ ከላቴክም ወደ ማት ኤምኤል ሲቀየር ግን ይነበባል። ማት ኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 የድረ ገጽ መስፈርት የሆነ የቀመር አጻጻፍ ሲሆን፣ ክሮም በ2023 መጀመሪያ ላይ መደገፍ ከጀመረ ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራል። ማትካት የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ከኤንቪዲኤ ስክሪን አንባቢ ጋር ሆኖ ማት ኤምኤልን ወደ ንግግርና ወደ ብሬይል ይለውጣል፤ አንባቢው በክፍልፋዩ ውስጥ ገብቶ ላዕሉን ከታህቱ ለይቶ ለመስማት ይችላል።

ለዚህ ሲባል የሚቀየር ሰነድ ላይ የማጣራቱ ኃላፊነት ይከብዳል። የሚያይ አንባቢ ጥርጣሬ ሲገባው ወደ ዋናው ምስል መመለስ ይችላል፤ ማየት የተሳነው አንባቢ ያለው የእርስዎ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ክፍት ምንጭ ከሆነ ለማንኛውም ሥራ ልጠቀምበት እችላለሁ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። የፕሮግራሙ ኮድና የሠለጠነው ሞዴል የተለያየ ፈቃድ ሊኖራቸው ይችላል። የኑጋት ኮድ በኤምአይቲ ፈቃድ የወጣ ሲሆን፣ ሞዴሉ ግን ለንግድ መጠቀምን በሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ሥር ነው። ላቴክ ኦሲአር በኤምአይቲ፣ ዩኒመርኔትና ፓድል ኦሲአር በአፓቼ 2.0 ፈቃድ የወጡ ናቸው። ምርት ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ሁለቱንም ፈቃዶች ለየብቻ ያንብቡ። የሚቀይሩት መጽሐፍ የቅጂ መብትም በመሣሪያው ፈቃድ አይነካም።

የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ወይም ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አይሻሉም?

ማትፒክስን የመሰሉ የንግድ አገልግሎቶች በጥራታቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ምስሉ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ይሄዳል፤ ያልታተመ ጥናት፣ ያልተሰጠ ፈተና ወይም የተማሪ ወረቀት ሲሆን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ መሣሪያ ይህን ጥያቄ ከሥሩ ያስቀረዋል።

ምስል የሚያነቡ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችም ቀመር ያነባሉ፤ ከእነርሱም መካከል በራስ ኮምፒውተር ላይ ሊጫኑ የሚችሉ አሉ። ከባድ ናቸው፤ ደግሞም ከትናንሾቹ ይልቅ የማረም ዝንባሌ ያሳያሉ። በዋናው ወረቀት ላይ ስህተት ያለበትን ቀመር አስተካክለው ሊጽፉ ይችላሉ። የተማሪን ስሌት ለመመዝገብ ለሚፈልግ መምህር ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ የሚፈለገው የተጻፈው እንደተጻፈ ነውና።

መሣሪያው የእኔን ሰነድ ደጋግሞ ቢስት ላሻሽለው እችላለሁ?

ይቻላል፤ ክፍት ምንጭ የመሆኑ እውነተኛ ጥቅም የሚታየውም በዚህ ነው። ሰነድዎ አንድ የተለየ ምልክት ወይም የድሮ ፎንት የሚደጋግም ከሆነ፣ እነዚያን ምልክቶች የያዙ ቀመሮችን በላቴክ ጽፈው በተቀራራቢ ፎንት ወደ ምስል ይቀይሩ፤ ምስሉን በጥቂቱ ያደብዝዙት፣ ያጣምሙት፣ የስካን ነጠብጣብ ይጨምሩበት። ከዚያ ያለውን ሞዴል በዚህ ዳታ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ይስጡት። ከዜሮ ማሠልጠን አያስፈልግም። ቀደም ሲል ያነባቸው የነበሩትን ተራ ቀመሮች እንዳይረሳ ከአዲሱ ዳታ ጋር የቀድሞውን ዓይነት ናሙና መቀላቀል ይገባል።

ሥልጠና የማይሆንልዎ ከሆነ የእርማት ዝርዝር መያዝ ይጠቅማል። በዚያ ሰነድ ውስጥ ሮ እንጂ ፒ የሚባል ምልክት ጨርሶ ከሌለ፣ ከቀመር የወጣውን ፒ ሁሉ ወደ ሮ የሚለውጥ አጭር ስክሪፕት ሰዓታትን ያድናል። ሲለውጥ ግን በትእዛዝ ስሞች ውስጥ ያለውን ፊደል እንዳይነካ አድርገው ይጻፉት።